የከድጃ እርሻ የተዘጋ ሰሞን

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሐይቅ ከተማ መብራት ጠፋና ከአስፋልቱ ዳር ያለው ሆቴል ጄኔሬተሩን አስነሳ። ሽንኩርትና ቲማቲም በፌስታል ይዤ ከገበያ እየተመለስኩ ነበር። ጭሱ ወደ እኔ ሲዞር እግሬ ተያዘ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔ ያን የናፍጣ ሽታ እንደ ሽቶ እየሳብኩ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ባለ ባጃጅ አጠገቤ ደርሶ «እማማ፣ አመመዎት እንዴ? ላድርስዎት?» አለኝ። «አብሽር ልጄ፣ ትንሽ ልቁም ብዬ ነው» አልኩት። ምን ብዬ ላስረዳው? እሱ ያን ጊዜ ገና እናቱ ጀርባ ላይ ነበር።

ከሆቴሉ አጥር ቀጥሎ ያለችው ክፍል ዛሬ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ይሸጥባታል። ያኔ የሀብታሙ ኢንተርኔት ቤት ነበረች። አራት ኮምፒውተሮች ነበሩት፤ ጀርባቸው እንደ ሣጥን የወጣ፣ ከፍ ያሉ፣ ሲነሱ የሚያጓሩ። ጠዋት ጠዋት እናቱ የጠለፈችለትን የአበባ ጥልፍ ጨርቅ ከላያቸው ላይ ገፎ ያጥፍና አቧራ ያራግፋል። ደቂቃው በሠላሳ ሳንቲም ነበር። በር ላይ ጄኔሬተሩ ይንደቀደቃል፤ ከጎን ካለችው ሻይ ቤት የአምባሰል ቅኝት ከቴፕ ይወጣል፤ ገጹ ከላይ ወደ ታች እንደ መጋረጃ ቀስ እያለ እስኪወርድ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ መጨረስ ይቻል ነበር። የዘመኑ ሴቶች ልጆች እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ጂንስ ጉርድና ፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ያዘወትሩ ነበር፤ ሻርፑን ደግሞ ጆሮ አካባቢ በትልልቅ መርፌ ቁልፍ ያሲዙታል። እህቴ ከድጃ ቢጫ ነበር የምትወደው። ከሩቅ ስትመጣ ቀድሞ የሚታየው ሻርፗ ነበር።

ከድጃን በሃያ ሁለት ዓመት እበልጣታለሁ። እናታችን እኔን በልጅነቷ፣ እሷን ደግሞ ወልዳ ጨርሳለች ከተባለች በኋላ ነው የወለደችን። አባታችን ሲሞት እማ ከውጫሌ ወዲያ፣ ከአምባሰል ገደል ሥር ያለውን መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ትንሿን ልጇን ይዛ ሐይቅ እኔ ዘንድ ገባች። እኔ ያኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። በታይፕ ጀምሬ ኋላ ኮምፒውተር ሲመጣ «ዘሐራ ጣቷ ፈጣን ነው» ብለው አሰልጥነውኛል። ትዳሬ ሳይሰነብት ፈርሷል፤ ልጅ አልወለድኩም። ስለዚህ ከድጃ እህቴም ልጄም ነበረች። «እትዬ» ስትለኝ በድምፅዋ ውስጥ ሁለቱም ነበር።

ያን የእርሻ ጨዋታ ያመጣችብኝ እሷ ናት። ሰው ሁሉ ፎቶውን በሚለጥፍበት ገጽ ውስጥ የሚከፈት ነበር። አንድ ቁራጭ መሬት ይሰጡሻል፤ ታርሻለሽ፣ ትዘሪያለሽ፣ በሰዓቱ ካልደረስሽ ሰብሉ ይደርቃል። ጎረቤት ያለው ሰው ግን አይቸገርም፤ ጎረቤቱ ገብቶ ያጠጣለታል፣ ሲሄድም በር ላይ ባለች የእንጨት ሰሌዳ አጭር ቃል ጽፎ ይተዋል። ለእኔም መሬት ከፍታ ከጎኗ አሰፈረችኝ። ከአምባሰል ድንጋይ ሸሽተን መጥተን በሠላሳ ሳንቲም እርሻ እንገዛለን ብዬ ሳቅኩባት። አንድ ቀን እማን ራሷን ይዛት መጣች። እማ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ኩታዋን ሰብስባ አየች።

«በሬው የታለ?»

«ያለ በሬ ነው የሚታረስ፣ እማ።»

«ይሁን። ይሄ ቀይ ምንድን ነው?»

«እንጆሪ።»

«እንጆሪ የሚዘራ ሰው አይቼ አላውቅም። ዱር አይደል እንዴ የሚበቅል?» አለችና፣ ቆይታ «ዳሩን ባቄላ አድርጊው፤ መሬቱ እንዲያርፍ» አለች። ሀብታሙ ከሳቁ ብዛት ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። ከድጃ ግን ዳሩን ባቄላ የሚመስል አረንጓዴ ነገር ዘራችው። እማን እምቢ የምትል ልጅ አልነበረችም።

ከዚያ ሁሉም ወደ ዓረብ አገር መሄድ ጀመረ። ከሰፈራችን ያልሄደች ልጅ ስም መጥራት ይቀል ነበር። ከድጃም ሄደች። በሄደችበት ጠዋት አዲስ ጥቁር ዓባያ ለብሳ፣ ያን ቢጫ ሻርፕ በሻንጣዋ ሸሽጋ የደሴው መኪና ላይ ወጣች። እማ በመስኮቱ እጇን ይዛ መኪናው እስኪነቃነቅ ዱዓ አደረገችላት። የመጀመሪያዎቹን ወራት ትደውል ነበር። ቤቱ ትልቅ እንደሆነ፣ ልጆቹ አራት እንደሆኑ፣ እንደደከማት። ከዚያ ስልኩ ጠፋ። የላካት ደላላ አያነሳም። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አምስት ወር። እማ ሰላት ላይ ስትቀመጥ ተነሺ ብዬ ካልቀሰቀስኳት መነሳት ተወች።

አንድ ዓርብ ቀን፣ የመሥሪያ ቤት ምሳ ሰዓታችን በጁምዓ ምክንያት ረዘም ስለሚል፣ ከእሷ የመጣ መልእክት ባገኝ ብዬ ሀብታሙ ዘንድ ገባሁ። መልእክት የለም። እንደው እጄ ሄዶ ያን እርሻ ከፈተው። ደርቆ አገኘዋለሁ ያልኩት መሬቴ ለምልሞ ቆየኝ። ከላይ የከድጃ ፎቶ፣ ከፎቶዋ ሥር ጎረቤትሽ ሰብልሽን አጠጥታለች የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ። ሰሌዳው ላይ ደግሞ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ አማርኛ፤ «አለሁ። አብሽሪ። ለእማ ንገሪያት።»

ጮኼ ነበር መሰለኝ፤ ሀብታሙ ውሃ ይዞ መጣ። ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

ነገሩን በኋላ ቀስ በቀስ ነው የተረዳሁት፤ ሰሌዳው በአንድ ጊዜ ከአምስት ስድስት ቃል በላይ አይዝምና። እመቤቲቱ ስልኳንና ፓስፖርቷን ወስዳባታለች። ከበር አትወጣም። የልጆቹ ኮምፒውተር ግን ሳሎን ውስጥ ነው፤ ትንሿ ልጅ ጨዋታ ስትፈልግ ከድጃ አጠገቧ ትቀመጣለች። መልእክት ብትጽፍ ይታይባታል። በእርሻ ላይ ውሃ ብታጠጣ ግን ማን ልብ ይላል? የልጅ ጨዋታ ነው።

እንዲህ ሆነን ዓመታት ኖርን። ዓርብ ዓርብ እሄዳለሁ። ስመለስ እማ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ሰላምታ የለም፣ «አጠጣች?» ነው የምትለኝ። «አጠጣች» ስላት «አልሃምዱሊላህ» ብላ ትገባለች። ያላጠጣችበት ሳምንት የመጣ እንደሆነ ምሳ አይበላም። ቀጥላ ደግሞ ምን እንደዘራች ትጠይቀኛለች፤ ዱባ ካልኳት «ገና ነው፣ ወቅቱ አይደለም፤ ንገሪያት» ትላለች። ነግሬያታለሁ። ከድጃም ዱባውን ነቅላዋለች።

የከድጃ መሬት እየሰፋ ሄደ። አንድ ጊዜ ገብቼ ሳየው መሃሉን ውሃ አድርጋዋለች፤ ሰማያዊ፣ ሞላላ። ከአንድ ወገን ወደ ውሃው የገባ የመሬት ምላስ አለ፣ ላዩ ላይ ዛፍ ጥቅጥቅ ብሏል። ልቤ ወዲያው አወቀው። ሐይቃችን ነው፤ ገዳሙ ያለበት ጫካ ሳይቀር። ከላይ በኩል ደግሞ ተራራ በጨዋታው ውስጥ ስለሌለ የድርቆሽ ክምር ደርድራ ደርድራ አምባሰልን ሠርታለች። ከክምሩ ሥር አንዲት ጎጆ፣ ከጎጆዋ ዳር አረንጓዴ የባቄላ መስመር። ሀብታሙ ከኋላዬ ቆሞ «ይቺ ልጅ አገሯን በእጇ ሠራችው እኮ» አለ። ለእማ ስነግራት ጎጆዋ በሯ ወዴት እንደሚያይ ጠየቀችኝ። አላስተዋልኩም ነበር። በሚቀጥለው ዓርብ አይቼ መጣሁ፤ ወደ ውሃው ነበር።

ዛሬ ይህን ለሰው ብናገር በስልክሽ ፎቶ አታነሺውም ነበር ወይ ይለኛል። የእኔ ስልክ ያኔ ድምፅና ባትሪ ብቻ ነበረው። ሀብታሙንም አትመው አላልኩትም። ያ ነገር ይጠፋል ብሎ ማን አሰበ? መሬት አይደል።

ኋላ ሁሉም ሰው ኢንተርኔቱን በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ፤ የሀብታሙ ቤት ባዶ ሆነች። ሦስቱን ኮምፒውተሮች ሸጦ ፎቶ ኮፒ ማሽን ገዛ። አንዷን አስቀራት። «ለአንቺ ስል ነው፣ ዘሐራ» ይለኛል። ጨዋታው በስልክ አይከፈትም ነበር። አንድ ዓርብ ስገባ እርሻው ከመታየቱ በፊት አንድ ማስታወቂያ ብቅ አለ። ሀብታሙ መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው። ጨዋታውን የሚያስኬደው ፕሮግራም አርጅቷል፤ ከእንግዲህ ድጋፍ አይደረግለትም፤ ዓመቱ ሲያልቅ ይዘጋል። «ሌላ ፕሮግራም ይተኩለታል አይደል?» አልኩት። «ለዚህ የሚተኩለት አይመስለኝም» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ። በዚያው ቀን ስልክ ቁጥሬን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ «ይዘጋል። ቁጥሩን ያዥ።» ለሦስት ሳምንት መልስ አልመጣም።

በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ውስጥ እማ ወደቀች። ሳል ነበር ስትል የከረመችው። ደሴ ወሰድኳት፤ መልሳችሁ ቤቷ አስተኟት አሉን። አራት ቀን ተኛች። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አሱር ላይ፣ እጇ በእጄ እንዳለ፣ ሸሃዳዋን ይዛ ሄደች። ከአምባሰል ሥር፣ አባታችን ጎን ቀበርናት። በተቀበረች በአምስተኛው ቀን ዓርብ ሆነ። ቤቱ ለቀስተኛ ሞልቶ ሳለ ሹልክ ብዬ ሀብታሙ ዘንድ ሄድኩ። ከድጃ አጠጥታለች። ሰሌዳው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ያዝኩ። ስልክ የለኝም። እማ ደህና ናት?»

ጣቴ ቁልፎቹ ላይ ቀረ። ያን ሁሉ ዓመት የሰው ደብዳቤ፣ የሰው ክስ፣ የሰው ስንብት ስጽፍ የኖርኩ ሴት አንዲት ቃል አጣሁ። የሚይዘው አምስት ስድስት ቃል ነው። ያን ሞት በዶሮና በእንጆሪ መሃል እንዴት አድርጌ ላቁመው? ሳሎን ውስጥ፣ ከእመቤቲቱ ልጅ ጎን ተቀምጣ ታነበዋለች። ብትጮህ ትያዛለች። ባትጮህ ምን ትሆናለች? ሀብታሙ «ምን ልትጽፊ ነው?» አለኝ። «እማ ደህና ናት። ትጠብቅሻለች» ብዬ ጻፍኩ። በሌላ ቀን አቅም ሳገኝ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ዓርብ ከፈትኩት፤ አቅም አላገኘሁም። ከዚያ በኋላ ያለው ዓርብ ደግሞ አልጠበቀኝም።

በዚያ ቀን ገጹ ተከፈተና እርሻው በሚሆንበት ቦታ አንድ ግራጫ ሣጥን ወጣ። ሌላ ምንም የለም። ሀብታሙ ያላደረገው የለም። አጥፍቶ አስነሳው። ደሴ ያለ ጓደኛውን በስልክ ቢጠይቀው «ፕሮግራሙ የሚሞትበት ቀን ተጽፎበታል፤ ቀኑን ወደኋላ መልሰው» አለው። የኮምፒውተሩን ሰዓት ዓምና ላይ አቆመው። ያን ጊዜ፣ ወላሂ፣ ተከፈተ። ያ የመክፈቻው ሙዚቃ መጣ፤ የእርሻው በር ሥዕል ብቅ አለ፤ እኔ ተንበርክኬ ስክሪኑን ይዣለሁ። በሩ ግን ሳይከፈት ቆየ፤ ከዚያ መገናኘት አልተቻለም የሚል ጽሑፍ መጣ። «ፕሮግራሙን አታለልነው» አለ ሀብታሙ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «መሬቱ ግን እዚህ አልነበረም፣ እነሱ ዘንድ ነበር። ዘግተውታል።»

ቀጥሎ የመጣውን ክፉ የጦርነት ጊዜ አላነሳውም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ከተማው ባዶ የሆነበት ሰሞን የሀብታሙ ቤት በሩ ተገንጥሎ አገኘነው፤ ኮምፒውተሯም አልነበረች። እሱም ኮምቦልቻ ልጁ ዘንድ ሄዶ ቀረ። እኔ ከዚያ ሁሉ መሃል የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከድጃ በሕይወት ካለች፣ «እማ ትጠብቀኛለች» ብላ ነው የምትኖረው።

መጣች። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ግቢ ውስጥ ልብስ ሳጥብ ባጃጅ በር ላይ ቆመ። የወረደችውን ሴት አላወቅኳትም። ከስታለች፣ ቅንድቧ ላይ የማላውቀው ጠባሳ አለ፣ በእጇ አንድ ትንሽ ቦርሳ ብቻ። «እትዬ» ስትል ነው ያወቅኳት። አቅፋኝ አለቀሰች። ከዚያ ለቀቀችኝና እኔን አልፋ ወደ ቤት ገባች።

«እማ! እማ፣ መጣሁ!»

በሳሙና እጄ እንደሆንኩ በሩ ላይ ቆምኩ። የእማን አልጋ ለጎረቤት ሰጥቼው ነበር፤ ቦታው ላይ የእህል ጆንያ ቆሟል። ከድጃ ጆንያውን አየች።

«የት ሄደች? ለቅሶ ነው?»

«ከድጃ...»

«ገበያ ነው አይደል? ዛሬ ገበያ ነው።»

«ከድጃ፣ እህቴ፣ ተቀመጪ።»

አልተቀመጠችም። «መቼ?» አለች። ነገርኳት። ቆማ በጣቷ እንደ መቁጠር አደረጋት። «ሰሌዳው ላይ ደህና ናት ያልሽኝስ?»

«ከተቀበረች አምስተኛ ቀኗ ነበር።»

ብትመታኝ እመርጥ ነበር። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ የታጠፈ የሴት ሻርፕ አወጣች፤ ለእማ የያዘችው ነበር። እሱን ጭኗ ላይ እያሻሸች እንዲህ አለችኝ፤ «ሦስት ጊዜ በመስኮት ልዘል ቆሜ ነበር፤ አራተኛ ፎቅ ነው። እርሻው ከተዘጋ በኋላ ማለቴ ነው። በፊትማ ነገ አጠጣለሁ እያልኩ አድር ነበር። ከተዘጋ በኋላ የቀረኝ ያቺ ያንቺ ቃል ነበረች። ትጠብቅሻለች። ለሷ ብዬ ነው ከመስኮቱ የተመለስኩት። ለሞተ ሰው ብዬ።»

«ይቅር በይኝ።»

«ምን ብዬ ይቅር እንደምልሽ አላውቅም። አድነሽኛል። ደግሞ እናቴን ቀምተሽኛል። ያኔ ብታስለቅሺኝ ኖሮ ዛሬ አልቅሼ ጨርሼ ነበር።»

ስምንት ወር አብረን ኖርን። አልተጣላንም፤ አልታረቅንምም። ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣች አልነገረችኝም፤ እኔም ለመጠየቅ አልደፈርኩም። መቃብሯ ድረስ ወሰድኳት፤ ስታለቅስ እንድነካት አልፈቀደችም። በእነዚያ ዓመታት አንድ ፎቶ አልነበራትም። ደብዳቤም፣ የራሷ ልብስም። «እዚያ የእኔ ነው የምለው ያ መሬት ብቻ ነበር» ትለኛለች። አንድ ቀን የስልክ ሽፋን የሚሸጠው ልጅ ዘንድ፣ የሀብታሙ ቤት በነበረችው ክፍል ውስጥ፣ ገባን። ነገሩን ሲሰማ ስልኩን አወጣና ሌላ የእርሻ ጨዋታ ከፈተላት፤ ቀለሙ የደመቀ፣ ዶሮዎቹ የሚጨፍሩ። ባዶ ቁራጭ መሬት ሰጣት። ከድጃ በአንድ ጣቷ አንድ ጊዜ ነካችውና ስልኩን መለሰችለት። «አመሰግናለሁ፣ ወንድሜ። እኔ የምፈልገው የዘራሁትን ነው» አለችው።

ተመልሳ ሄደች። ሌላ አገር፣ ሌላ ቤት። አትሂጂ አላልኳትም፤ እዚህ ሊያስቀራት የሚችል ነገር ምን ነበረኝ? መኪና ተራ ላይ ቆመን ሳለ፣ የእማን ሞት ከነገርኳት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ያዘችኝ። «አሁን ስልክ አለኝ። ማንም አይወስድብኝም። አንድ ነገር ማይልኝ፣ እትዬ፤ ክፉም ቢሆን ንገሪኝ። በወላሂ።» ማልኩላት።

እሷ በሄደች በአምስተኛው ወር ጡቴ ላይ አንድ እብጠት አገኘሁ። ደሴ ሄጄ ታየሁ፤ ቁራጭ ወስደው መረመሩ። ውጤቱን የነገረኝ ሐኪም ወጣት ነው፤ ሲነግረኝ ወረቀቱን እንጂ እኔን አያይም ነበር። አንድ ወር ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም። ከድጃ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ ፊቷ ይታየኛል፣ ፊቴ ይታያታል። «ደህና ነሽ?» ስትለኝ «ደህና ነኝ፣ አልሃምዱሊላህ» እላታለሁ። ከስተሻል ስትለኝ ጾም ነው እላታለሁ።

የጄኔሬተሩ ጭስ ያቆመኝ ዕለት ቤት ገብቼ ሽንኩርቱን እንኳ ከፌስታሉ ሳላወጣ ስልኩ ጮኸ። ከድጃ ነበረች፤ ከጀርባዋ ነጭ ግድግዳ። እንደ ወትሮው ጠየቀችኝ። አፌ እንደ ወትሮው ሊመልስ ተከፈተ። ዘጋሁት። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ቁጭ አልኩ።

«ደህና አይደለሁም፣ ከድጃ» አልኳት።

ከሆነ ክፍል የሕፃን ለቅሶ ይሰማኛል፤ ተነስታ በሩን ስትዘጋው አየሁ። ተመልሳ ፊቷን ወደ ስልኩ አቀረበች።

«ንገሪኝ» አለች። «ሁሉንም። ቀስ ብለሽ።»

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት።